ፒጂ ባውንሰር፦ ፖስትግሬስ ኮኔክሽን ሲበዛበት

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን (ከአፕሊኬሽን ለሚመጣ ግንኙነት) የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል። ገደቡ ካልተነካ 100 ነው፤ አፕሊኬሽኑ በብዙ ማሽን ላይ መሮጥ ሲጀምር ቶሎ ይሞላል። ብዙዎች ቁጥሩን ወደ 1000 ከፍ አድርገው ያልፉታል። ያኔ ፕሮሰሶቹ ራም ይሻማሉ፣ ሲፒዩውም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ጊዜውን ይፈጃል። ፒጂ ባውንሰር፣ በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መካከል ሆኖ ኮኔክሽን የሚያጋራው ፕሮግራም፣ የሚገባው እዚህ ነው። በፖርት 6432 ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠር ኮኔክሽን ይቀበልና ወደ ዳታቤዙ የሚያሳልፈው ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው። ለአንድ ኮኔክሽን የሚፈልገው ራም 2 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ እሱ ራሱ ሸክም አይሆንም። አንድ የኮንፊግ ፋይልና አንድ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ካዘጋጁለት ሥራ ይጀምራል።

ሥራ መጀመሩ ግን ጥቅም መስጠቱን አያሳይም። ሲጫን የሚመጣው በሴሽን ሞድ ነው፤ ደንበኛው እስኪወጣ ድረስ አንድ የሰርቨር ኮኔክሽን ይዞ ይቆያል። አፕሊኬሽኑ ኮኔክሽኑን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ የሚውል ከሆነ ምንም አልተቆጠበም። ዋናው ጥቅም ያለው በትራንዛክሽን ሞድ ነው፤ ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚፈጸሙ ትእዛዞች ስብስብ) በኮሚት እንደጸደቀ ወይም በሮልባክ እንደተሰረዘ ኮኔክሽኑ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። ስቴትመንት የሚባለው ሦስተኛው ሞድ ከአንድ ትእዛዝ በላይ ያለው ትራንዛክሽን ስለማይፈቅድ ለአብዛኛው ሥራ አይሆንም።

የፑል፣ ማለትም ደንበኞች የሚጋሩት የሰርቨር ኮኔክሽኖች ስብስብ፣ መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መነሻው 20 ነው፤ ይህ 20 ግን ለእያንዳንዱ የዳታቤዝና የተጠቃሚ ጥንድ ነው። 3 ዳታቤዝና በሁሉም የሚገቡ 4 ተጠቃሚዎች ካሉ 12 ፑል፣ እስከ 240 ኮኔክሽን ይሆናል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ በ100 ላይ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ በዳታቤዝ ደረጃ ያለውን ጣሪያ፣ «ማክስ ዲቢ ኮኔክሽንስ»ን፣ መጀመሪያ ይወስኑ። ለ8 ኮር ማሽን ከ16 እስከ 20 ጥሩ መነሻ ነው። በደንበኛ በኩል ያለው ገደብም 100 ስለሆነ እሱን ሲያሳድጉ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የክፍት ፋይሎች ገደብ አብረው ያሳድጉ። 1024 ላይ ከተተወ የሚያጥረው ያ ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ነገር። በትራንዛክሽን ሞድ «ሰርቨር ሪሴት ክዌሪ»፣ ኮኔክሽኑን ለቀጣዩ ደንበኛ የሚያጸዳው ትእዛዝ፣ አይሠራም፤ አንዱ ደንበኛ «ሴት» በሚለው ትእዛዝ የቀየረው ሴቲንግ ለቀጣዩ ይተርፋል። ከሁሉም የከፋው በፒጂ ዳምፕ፣ በፖስትግሬስ የባካፕ መሣሪያ፣ ባካፕ ሲወሰድ የሚፈጠረው ነው። ፒጂ ዳምፕ እንደገባ «ሰርች ፓዝ»ን፣ ሠንጠረዦች በስም ሲጠሩ የት እንደሚፈለጉ የሚወስነውን ሴቲንግ፣ ባዶ ያደርጋል። በባውንሰሩ በኩል ካለፈ ያ ባዶ ሰርች ፓዝ ያለው ኮኔክሽን ወደ ፑሉ ይመለስና ለአፕሊኬሽኑ ይደርሳል። አፕሊኬሽኑም ትናንት የነበረው ሠንጠረዥ «የለም» የሚል ስህተት ያወጣል፤ ያውም አንዳንዴ ብቻ፣ ያ ኮኔክሽን ሲደርሰው። ሠንጠረዡን ፍለጋ ብዙ ሰዓት ሊባክን ይችላል። መፍትሔው በአድሚን ኮንሶሉ «ሪኮኔክት» ማለት ነው፤ ያሉት የሰርቨር ኮኔክሽኖች እንደተለቀቁ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ባካፕን ሁልጊዜ በቀጥታ በፖስትግሬስ ፖርት በ5432 ያድርጉ።

ማይግሬሽንም (የሠንጠረዦችን አወቃቀር መቀየር) እንዲሁ። ብዙ የማይግሬሽን መሣሪያዎች ሁለት ማይግሬሽን አብሮ እንዳይሮጥ በሴሽን ደረጃ «አድቫይዘሪ ሎክ» የሚባል ቁልፍ ይይዛሉ፤ መያዣው በአንድ ኮኔክሽን፣ መልቀቂያው በሌላ ሲሄድ ሎኩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሊስን (ከዳታቤዙ መልእክት የሚጠብቀው ትእዛዝ) እና ከትራንዛክሽኑ ማለቅ በኋላ የሚቆይ ቴምፖራሪ ሠንጠረዥም አይሠሩም። ለሴቲንግ በትራንዛክሽኑ ውስጥ ብቻ የሚቆየውን «ሴት ሎካል»ን ይጠቀሙ። ፕሪፔርድ ስቴትመንት (አንዴ ተዘጋጅቶ ደጋግሞ የሚጠራ ክዌሪ) በ2023 ከወጣው የፒጂ ባውንሰር እትም 1.21 ጀምሮ በፕሮቶኮል ደረጃ ይደገፋል፤ «ማክስ ፕሪፔርድ ስቴትመንትስ» ከ0 በላይ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። በኤስኪውኤል ትእዛዝ የሚጻፈው «ፕሪፔር» ግን አሁንም አይሆንም። የጃቫ አፕሊኬሽን ገና ሲገባ ሲገናኝ በሚልከው «ኤክስትራ ፍሎት ዲጂትስ» በሚባል ሴቲንግ ምክንያት ከተከለከለ ያንን ስም በኮንፊግ ፋይሉ «ኢግኖር ስታርታፕ ፓራሜተርስ» ውስጥ ይጨምሩ።

ለክትትል በአድሚን ኮንሶሉ የሚጻፈው «ሾው ፑልስ» በቂ ነው ማለት ይቻላል። «ሲኤል ዌይቲንግ» (የሚጠብቁ ደንበኞች ቁጥር) ከፍ ብሎ «ማክስ ዌይት» (ረጅሙ የጥበቃ ጊዜ) እየጨመረ ከሄደ ፑሉን ከማሳደግ በፊት ፖስትግሬስ ውስጥ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን»፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታ ኮኔክሽን፣ ስንት እንዳለ ይቁጠሩ። ብዙ ከሆነ አፕሊኬሽኑ ትራንዛክሽን ከፍቶ የውጭ አገልግሎት መልስ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ፑሉ ቢሰፋም እንደገና ይሞላል። ደንበኛ ሰልፍ ላይ የሚጠብቅበት መነሻ ገደብ፣ 120 ሰከንድ፣ ለድረ ገጽ እጅግ ረጅም ነው፤ ወደ 15 ቢወርድ ችግሩ ቶሎ ይታያል።

ድክመቱ አንድ ፕሮሰስ አንድ ኮር ብቻ መጠቀሙ ነው። ያ ኮር 100 ፐርሰንት ሲደርስ «ኤስኦ ሪዩዝፖርት» በሚባለው ሴቲንግ ብዙ ፕሮሰስ በአንድ ፖርት ማስነሳት ይቻላል። ያኔ ግን ከእትም 1.19 ጀምሮ የመጣውን፣ ፕሮሰሶቹን እርስ በርስ የሚያስተዋውቀውን ፒሪንግ አብረው ያዘጋጁ፤ አለበለዚያ ክዌሪ የማቋረጥ ጥያቄ የተሳሳተው ፕሮሰስ ጋ ይደርሳል። ንባብን ወደ ሬፕሊካ (የዳታቤዙ ቅጂ) መለየትን ፒጂ ባውንሰር አይሠራም፣ እሱን ከፈለጉ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁለትና ሦስት ማሽን ብቻ ያለው፣ በውስጡ የራሱ ፑል የያዘ አፕሊኬሽንም አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ለሆነው ግን በትራንዛክሽን ሞድ፣ ባካፑና ማይግሬሽኑ በ5432 ተለይተው፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።