ነፃ ነው፤ ጫማውን ግን ራሳችሁ አምጡ፦ የሁለት የተራራ ጉዞ ፕሮግራሞች ግምገማ

የወጣቶች የተራራ ጉዞ ፕሮግራም ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ከሁሉ በፊት የዕቃ መጋዘኑን ማየት ይበጃል። አቅም ከሌለው ቤተሰብ የመጣ ልጅ በነፃ ዕድል ተመዝግቦ መሀል መንገድ ላይ ሲያቋርጥ፣ ብዙ ጊዜ ወኔ አንሶት ሳይሆን ተረከዙ ተልጦ ነው።

ስመ ጥሮቹ የወጣቶች ፕሮግራሞች፣ አውትዋርድ ባውንድና የኤዲንብራ መስፍን ዓለም አቀፍ ሽልማት፣ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1941 በዌልስ አበርዶቪ ያቋቋሙት መምህሩ ኩርት ሃንና የመርከብ ኩባንያ ባለቤቱ ሎረንስ ሆልት ናቸው፤ ሆልት በጦርነቱ መርከብ ሲሰጥም ወጣት መርከበኞች ከአንጋፋዎቹ ቀድመው ተስፋ ይቆርጣሉ የሚል ሥጋት ነበራቸው። ሁለተኛውን በ1956 ያስጀመሩት የኤዲንብራ መስፍኑ ልዑል ፊሊፕ ደግሞ የሃን ተማሪ ነበሩ። ምንጩ አንድ ይሁን እንጂ ኪሱ ባዶ ለሆነ ወጣት ሁለቱ የሚመቹት እኩል አይደለም።

አውትዋርድ ባውንድ ዕቃውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ድንኳን፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የምግብ ማብሰያና ስንቅ በአብዛኛው ከፕሮግራሙ ነው። አሰልጣኞቹ ከቡድኑ ጋር እየተጓዙ መጀመሪያ ያስተምራሉ፤ ቀስ በቀስም ካርታውንና ውሳኔውን ለወጣቶቹ አስረክበው ወደ ኋላ ይላሉ። ድንኳን ተክሎ ለማያውቅ ልጅ ይህ አካሄድ ተስማሚ ነው። ክፍተቱ ያለው ልብስና ጫማ ላይ ነው፤ እነዚህን በተለምዶ ተሳታፊው ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማዕከሉ ጫማ ያውስ እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት ጠይቁ።

ማዋሱ ብቻም አይበቃም፤ መቼ እንደሚሰጥ ወሳኝ ነው። በመነሻው ዋዜማ የታደለ አዲስ ጫማ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ውኃ ያስቋጥራል። ተረከዙ በጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል ይፋተጋል፤ ላብ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ መላጥ ነው። አንድ ልጅ ማነከስ ሲጀምር ቡድኑ በሙሉ በእሱ እርምጃ ይሄዳል፣ ካምፕም የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። ደህና ፕሮግራም ጫማውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ሰጥቶ ልጁ በየቀኑ እንዲረግጥበት ያደርጋል። ልኩ የሚወሰደው እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞው የታሰበውን የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ካልሲ አድርጎ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ቦታ ይቀራል። ቁልቁል ሲወረድ ጣት ጫፉን ከነካ ጫማው ጠቧል። የጥጥ ካልሲ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ይቅር። በጉዞው ላይ እግር መጋል ሲጀምር ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፤ «እረፍት እስክንደርስ» የሚል መሪ ቁስሉን እያሳደገው ነው።

ሌላው የአውትዋርድ ባውንድ መለያ ወጣቱ ብቻውን የሚቆይበት ጊዜ ነው። በጠባብ ክፍል ከብዙ ቤተሰብ ጋር ለኖረ ልጅ በጨለማ ብቻውን ማደር ከሁሉ የከበደ ፈተና ሊሆን ይችላል። አሰልጣኙ በየስንት ሰዓቱ እንደሚያየው፣ የጥሪ ፊሽካ ይዞ እንደሆነና እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ ይጣራ። የጀልባ ጉዞ ካለም ዋና ለማይችሉ ልጆች ምን እንደተዘጋጀ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኤዲንብራ መስፍን ሽልማት ግን ሌላ ዓይነት ነው። ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ደረጃ አለው፤ ጉዞው በቅደም ተከተል 2፣ 3 እና 4 ቀን ነው። ጉዞው የፕሮግራሙ አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የሙያ ክህሎትና የአካል እንቅስቃሴ ለወራት ከመኖሪያ ሳይርቁ ይሠራሉ። ቡድኑ ከ4 እስከ 7 ሆኖ ያለ አዋቂ ይጓዛል፤ ተቆጣጣሪው ከርቀት ነው የሚከታተለው። ዋጋውም፣ ዕቃውም፣ ጥራቱም የሚወሰነው ግን ፕሮግራሙን በሚያካሂደው ትምህርት ቤት ወይም ክበብ ነው። መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ሽልማቱ ለድሃ ልጅ የወረቀት ዕድል ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው ሸክሙ ነው። ቦርሳው ከልጁ ክብደት ሩብ መብለጥ የለበትም፤ 48 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 12 ኪሎ ነው፣ ውኃና ምግብ ተጨምሮ። ድንኳኑንና ማብሰያውን ለሁሉም እኩል ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ትንሿን ልጅ ግን ይጎዳል። የተዋሰ ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚነበበው የምቾት ሙቀት ቁጥሩ ነው፤ ከሁሉ ዝቅ ያለው የመጨረሻ ገደብ ቁጥር ከሞት ከማዳን ያለፈ እንቅልፍ አይሰጥም።

የጉዞ ሰዓት ስሌትም ያሳስታል። የታወቀው የኔይስሚዝ ደንብ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ 1 ሰዓት ይላል። ቦርሳ ለተሸከሙ ጀማሪዎች 3 ኪሎ ሜትር ይሻላል። 600 ሜትር ዳገት ያለው 15 ኪሎ ሜትር መንገድ በደንቡ 4 ሰዓት፣ በጀማሪ እግር ግን 6 ሰዓት ይወስዳል። በ4 ሰዓት ያቀደ ተቆጣጣሪ ልጆቹ ሳይጠፉ ጠፉ ብሎ ይደነግጣል።

ሁለቱም ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል የማይሸፍነው ወጪ አለ፦ እስከ መሰብሰቢያው ትራንስፖርት፣ የሐኪም ማረጋገጫ፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ፣ ከሁሉም በላይ ልጁ ቤተሰቡን የሚረዳበት የቀን ሥራ መቅረቱ። ይህን የመጨረሻውን የሚያስብ ማመልከቻ ቅጽ ብርቅ ነው።

መጋዘኑ የተሟላ ክበብ ካለ ምርጫችን ሽልማቱ ነው፤ ከተራራው መልስም ለወራት አብሮ ይቆያልና። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የ96 ጥናቶች ትንተናም ከ20 ቀን በላይ የቆዩ የጀብዱ ፕሮግራሞች ከአጫጭሮቹ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለ ክበብ ከሌለ የአውትዋርድ ባውንድ ነፃ ዕድል፣ ጫማው አስቀድሞ ከተገኘ፣ ይመረጣል። የትኛውንም ስትመርጡ ደውላችሁ «37 ቁጥር የተራራ ጫማ ስንት ጥንድ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያመነታ ቁጥሩን የሚነግራችሁ አስተባባሪ መጋዘኑን ያውቀዋል፤ ስለ ተራራው ውበት ማውራት ከጀመረ ግን ጫማ የለውም።