ለቢጫ ካርድ የሄድኩበት ክሊኒክ
የክሊኒኩ ንጽሕና ያስመሰግናል፤ የነርሷም እጅ ቀላል ነው፤ ከፊቴ የነበረው ሕፃን እንኳን አላለቀሰም። ችግሩ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ወደ ካምፓላ ልጓዝ ስለሆነ የቢጫ ወባ ካርዴን ባሳይ «አሥር ዓመት አልፎታል፤ ከፍለው እንደገና ይከተቡ» ተባልኩ። የምን ክፍያ! በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ማሻሻያ መሠረት ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ይጸናል፤ ቀድሞ የተሰጠውም ጭምር። በዚያው ክረምት ኪንሻሳ ውስጥ ክትባቱ አጥሮ የአንድ ሰው መጠን ለአምስት ሰው ተከፋፍሏል፤ እዚህ ግን ለማያስፈልገው ሰው ደግመው ሊወጉ ይቸኩላሉ። ደንቡን ስጠቅስ ኃላፊው መጥቶ ወዲያው አመነልኝ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከተቡ ሂዱ፤ ማኅተሙንም የክትባቱን መለያ ቁጥርም በጥንቃቄ ይሞላሉ። ካርዱ የሚሠራው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ቀደም በሉ። ለነርሷ አምስት ኮከብ፣ ለእንግዳ መቀበያው አንድ።