ሰው ሰራሽ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ

ይህን በመጀመሪያው ዓመት ብጽፈው ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር። ሆን ብዬ ቆየሁ። ህመሙ መልቀቁን በጥቂት ወራት ውስጥ ታውቁታላችሁ፤ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ግን የሚነግሯችሁ ዓመታቱ ራሳቸው ናቸው።

ወጣት እያለሁ እግሬ ተሰበረ፣ ዳነ፣ ረሳሁት። ከሃያ ዓመት በኋላ አርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ መበላት ሆኖ መጣ። ቁርጭምጭሚት ላይ አብዛኛው እንደዚህ ነው፤ መነሻው የድሮ ስብራት ወይም የተደጋገመ ወለምታ ነው። በስተመጨረሻ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መታጠቢያ ቤት እስክደርስ ግድግዳ እየያዝኩ ነበር የምሄደው።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው አጥንቶቹን በብሎን አጣብቆ መገጣጠሚያው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ። ሁለተኛው መቀየር፦ የቅልጥሙ ጫፍ ላይ ብረት፣ ከሥሩ ታለስ የምትባለው ትንሽ አጥንት ላይ ሌላ ብረት፣ መሃላቸው ፕላስቲክ። ማጣበቅ ህመሙን በደንብ ያጠፋል፤ ግን የእሱን ሥራ በዙሪያው ያሉት መገጣጠሚያዎች ስለሚሸከሙት በዓመታት ውስጥ እነሱም ይጎዳሉ። የኔ የተረከዝ መገጣጠሚያ ቀድሞውኑ መበላት ጀምሮ ስለነበር መቀየሩን መረጥኩ።

"መቀየር ሁልጊዜ ይበልጣል" የሚላችሁን ግን አትመኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 85 የሆኑ 303 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም ወገኖች በጣም ተሽሏቸዋል፣ በዋናው መለኪያም ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። የቁስል ችግርና የነርቭ ጉዳት የበዛው በተቀየረላቸው ላይ ነው፤ ከተጣበቀላቸው ደግሞ አጥንቱ አልያያዝ ያላቸው ነበሩ።

ወደ ሰው ሰራሹ ቁርጭምጭሚት ዕድሜ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት በሲሚንቶ የሚያያዙት ቶሎ ቶሎ ስለሚላቀቁ ብዙ ሐኪሞች ትተዋቸው ነበር። የአሁኖቹ በጣም ይሻላሉ። እንደየሞዴሉና እንደየአገሩ ይለያይ እንጂ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአሥር ሰዎች ሰባት እስከ ዘጠኝ በሚሆኑት ላይ እንዳለ ነው። ከዳሌና ከጉልበት ያንሳል፣ አይገርምም፤ ትንሽ መገጣጠሚያ ሆኖ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነታችንን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል።

ውስጣችሁ የገባው የትኛው ሞዴል እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ስታር የተባለው ዓይነት ፕላስቲኩ ከተጠበቀው በላይ እየተሰበረ እንደሆነ አስጠንቅቋል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ እንደሚመለከተው በምን ያውቃል?

አሁን ቅሬታዬ። ቀዶ ጥገናውን የሠራልኝ ክሊኒክ ከአንድ ዓመት በኋላ "በቃ ጨርሰናል" ብሎ አሰናበተኝ። ምንም ስለማያመኝ እኔም አልጠየቅኩም። በአምስተኛው ዓመት ለሌላ ነገር የተነሳሁት ራጅ ከብረቱ አጠገብ አጥንቱ ውስጥ ክፍተት መፈጠሩን አሳየ። ከፕላስቲኩ የሚረግፈው ብናኝ አጥንትን ቀስ እያለ ሊያስበላ ይችላል፣ ያውም ያለ ምንም ህመም! በጣም ነው የተናደድኩት። ክፍተቱ ሲሰፋ ብረቱ ይላቀቃል፣ ያን ጊዜ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም አጥንት ተሞልቶ ማጣበቅ ይሆናል። አሁን በየዓመቱ ራጅ እነሳለሁ፣ ሐኪሙ ሲጠራጠር ሲቲ ስካን ይጨምራል።

ታዲያ እንደገና አደርገው ነበር? አዎ። ዳገት እወጣለሁ፣ እዋኛለሁ፣ ብስክሌት እነዳለሁ። ሩጫና ዝላይ የለም። እብጠቱ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አሰልችቶኛል፣ ይህንንም ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ለሚያጨስ፣ ስኳር ኖሮበት እግሩ ለደነዘዘ፣ ወይም ከባድ ሸክም ለሚሠራ ሰው ግን አልመክርም፤ እሱ ስለማጣበቁ ይጠይቅ። ሐኪማችሁንም በዓመት ስንት ቁርጭምጭሚት እንደሚቀይር ሳታፍሩ ጠይቁት።

የሚቀጥለው ራጄ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ባለፈው ክፍተቱ አልሰፋም ነበር።