የዓሣ ኩሬያችንን ያተረፈልንን የጎርጎራ ልጅ ላመሰግን

ሰላም የጎንደር ሰዎች። ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው። ግን ውጤቱን በዓይኔ ሳላይ ሰው መጠቆም አልፈለግሁም።

ቤታችን አዘዞ ነው። ካቻምና ጓሯችን ላይ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ኩሬ አስቆፈርን፣ ውሃ እንዳይሰርግ ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ወፍራም ፕላስቲክ አነጠፍን፣ ከዚያ ከጎርጎራ 40 ቀረሶ በበርሜል አስመጣን። ቲላፒያ የሚባለው ማለቴ ነው። በዓመቱ ኩሬው በዓሣ ጢም አለ። በረከት ነው ብለን ደስ አለን። ግን ሁሉም ድንክ ናቸው፣ አብዛኛው ከጣት አይበልጥም፣ ብንጠብቅ ብንጠብቅም አያድግም።

አምና ግንቦት ላይ ጠዋት ስወጣ ዓሦቹ በሙሉ ከውሃው ፊት ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ አገኛቸው ጀመር። ነሐሴ ላይ በቀን አራትም አምስትም ሞተው ይንሳፈፋሉ። ርቧቸው ይሆናል ብዬ ፉርሽካውንም ፋጉሎውንም ጨመርኩ፣ ባሰባቸው። ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው ደግሞ "በሽታ ነው" ብሎ መድኃኒት ሸጠልኝ። ብሩም ሄደ፣ ዓሣውም መሞቱን አላቆመም። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ኩሬው ጋ መሄድ ሁሉ ተዉ።

ከመስቀል በኋላ ጎረቤቴ ይህን ልጅ አገናኘችኝ። ያደገው ጣና ላይ ከአባቱ ጋር መረብ እየጣለ ነው። አሁን የሰው ኩሬ እየዞረ ይሠራል። መጣና ቁጢጥ ብሎ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ውሃውን አየ። ከዚያ በእንጨት ታቹን ቆስቁሶ ጥቁር ዝቃጭ አወጣና አስሸተተኝ። የእኔ ፉርሽካ ነው፣ በስብሶ።

"እትዬ፣ ዓሣዎ አልታመመም፣ በዝቶ ነው" አለኝ። "አየር አጥሮታል። የጨመሩለት ምግብም ታች እየበሰበሰ የቀረችውን አየር ይጨርስበታል።" ሌላ ኩሬ ላስቆፍር እንዴ ስለው "አይ፣ ገንዘብዎን አያውጡ፣ እሱም በዓመቱ ይሞላል" አለ። ቁፋሮውን እሱ ራሱ ይሠራዋል እኮ፣ ቢፈልግ እሺ ብሎ ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር። እኔ ልጁን ያመንኩት እዚያች ላይ ነው።

ቀጥሎ ያሳየንን እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ እናወራዋለን። አንዲት ጉንጯ ያበጠ ዓሣ በመረብ አወጣ። መዳፌን አታህልም። ነጭ ሳፋ ላይ ውሃ አድርጎ አፏን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ከፈተው። እንደ ቅንድብ ፀጉር የቀጠኑ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ጫጩቶች ሳፋው ላይ ተዘረገፉ። ልጄ ጮኸች። ለካ ቀረሶ እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ይዛ ነው፣ ከተፈለፈሉም በኋላ የሚያስፈራ ነገር ካየች ልጆቿን መልሳ ትጎርሳቸዋለች። ስለዚህ የሚሞትባት ጥቂት ነው። ውሃው ሞቅ ካለላት ደግሞ በወር፣ በወር ተኩል ትደግማለች፣ ኩሬው ሲጨናነቅም ገና በጣት ቁመት ሳለች መውለድ ትጀምራለችና ምግቧ ወደ ሥጋ ሳይሆን ወደ እንቁላል ይሄዳል።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ውሃውን በጎማ ስቦ ለጎመኑና ለጌሾው ለቀቀው። ዓሣውን ሮቶ ውስጥ እያስገባ ቆጠረ፣ 623 ሆነ! በ40 የጀመርነው። ከዚያ መዳፍ የሚያህሉትን አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ እያዞረ፣ ለአፍ ቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት በጥጥ ነካ እያደረገ ወንድና ሴት ለየ። ቀለሙ ቀዳዳዎቹን ያሳያል፤ ወንዱ ሁለት አለው፣ ሴቷ ሦስት። 35 ወንድ ብቻ አስቀረልን። ማሽን አየር ካልነፋለት በአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት ዓሣ በላይ አትጫኑ አለን። የቀረውን ጠበስነው፣ ለጎረቤት ሰጠን፣ ትንንሾቹን ቀቅለን ለዶሮ። ኩሬውንም አራት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ ጭቃው ውስጥ ጫጩት እንዳይተርፍ ብሎ።

"ስለይ ልሳሳት እችላለሁ፣ አንዲት ሴት ካመለጠችኝ እንደገና ይጀምራል" አለና ወር ቆይቶ ሦስት አምባዛ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ዓሣ አምጥቶ ጨመረ። አምባዛ ጫጩት ይበላል። ግን ከቀረሶዎቹ ያነሰ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ እነሱንም ይውጣል። ታኅሣሥና ጥር ላይ የጎንደር ብርድ እርባታውን ስለሚያቆመው በዚያ ጊዜ ጫጩት አላየንም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሲሞቅ በየሳምንቱ ዳር ዳሩን እዩ ብሎ አስጠነቀቀን። እውነትም ሚያዝያ ላይ ጥቂት ጫጩት ታየ፣ በሳምንቱ አምባዛዎቹ ጨረሱት።

ዛሬ ግንቦት ነው። ጠዋት አየር የሚያጥረው ዓሣ የለም። ባለፈው እሁድ ያወጣነው አንዱ ብቻውን ሰሃን ሞላ። ልጆቼም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ጥለው ወደ ኩሬው ነው የሚሮጡት።

ያስከፈለኝ ለግንበኛ የሁለት ቀን የምከፍለውን ያህል ነው። አምባዛዎቹን በገዛበት ዋጋ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሳልጠራው በራሱ መጥቶ አይቶልኛል፣ ቡና እንኳ በግድ ነው የጠጣልን። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ።

አዘዞም ማራኪም ቆላድባም ኩሬ ያላችሁ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የኩሬውን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ስለሆነ ለክታችሁ ያዙ። በምትቀጥሩት ቀን ዋዜማ ደግሞ ዓሦቹን አታብሏቸው፣ ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ሮቶ ውስጥ ይሻላቸዋል ብሏል።