ክራር፦ በራስ መግጠም ወይስ ማሠራት?

ደሴ ውስጥ ክራር ያማረው ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ገበቴውን፣ እንጨቱን፣ ቆዳውንና ክሩን ለየብቻ ገዝቶ እቤት መግጠም ነው። ሌላው ለባለሙያ ቀብድ ሰጥቶ ማሠራት። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ያሠራሁት በየማታው ከእጄ አይለይም፤ የገጠምኩት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ገንዘቡን ነው። መግጠም ይረክሳል፣ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። ሰኞ ገበያ ወርጄ ዕቃውን ሳሟላ ወጪዬ የማሠሪያውን ግማሽ አይሞላም ነበር። ኋላ ሁለተኛ ቆዳ ገዛሁ፣ መሰርሰሪያ ተከራየሁ፣ የተሰነጠቀ እንጨት ቀየርኩ። ሲደመር የተረፈኝ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ሆነ።

ዋናው ጣጣ ቆዳው ነው። የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ጠጉሩ ይፋቃል፣ ከዚያ እርጥቡን ገበቴው አፍ ላይ ተወጥሮ በጠፍር ይታሰራል። መድረቅ ያለበት ጥላ ውስጥ ነው፣ ቀስ ብሎ። እኔ ቸኮልኩ። የጥቅምት ፀሐይ አማለለኝና ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ስድስት ሰዓት ገደማ ቡና እየጠጣን «ጧ!» አለ። እናቴ ድስት የወደቀ መስሏት ጓዳ ሮጠች። ወጥቼ ሳይ ቆዳው ከጠርዙ እስከ መሀሉ ተተርትሯል።

ባለሙያው ይህን ስነግረው ሳቀ። እሱ ቆዳውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፤ አንዱ ጎን ከላላ ጠፍሩን እዚያው ሳብ ያደርጋል። ይሄ ዩቲዩብ አይቶ የሚያዝ ነገር አይደለም። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ጭጋግ ነው። እርጥበት ሲገባው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። በወጉ ያልተወጠረ ክራር ሐምሌ ላይ ካርቶን ካርቶን ይላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሞቅ ስለሚል ትንሽ ይሻላችኋል።

ሁለተኛው ነገር መቃኛው ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሲኬድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ነው። ወሎ ተቀምጦ ባቲና አምባሰል የማይወጣለት ክራር ምን ይሠራል? ላዩ እንጨት ላይ በጨርቅ የተጠመጠመ ክር ካልለመዱበት ይንሸራተታል። የምታሠሩ ከሆነ የጊታር ዓይነት መቃኛ ይግባልኝ ማለት ትችላላችሁ። መጠኑም ለእጃችሁና ለድምፃችሁ ይለካል። እኔ መቃኛውን ራሴ ለመግጠም ብዬ ላዩን እንጨት ስሰረስር ነው የሰነጠቅኩት።

በጊዜ ግን መግጠም ያሸንፋል። ባለሙያ «ሰኞ ና» ይላል፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ አይናገርም። እኔን አምስት ሰኞ አመላልሶኛል።

መጫወት ለምትፈልጉ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ማሠራት ይሻላል። ድምፁ የማይገራ ክራር ይዞ መማር ተስፋ ያስቆርጣል፤ ጥፋቱ የእጅ ይሁን የዕቃው አይለይም። እንጨት መነካካት የምትወዱ ግጠሙ፣ ግን ገበቴውን ራሳችሁ አትፈልፍሉ፤ የተፈለፈለ ዋንዛ ግዙ። አሁን ብጀምር ቆዳውን ብቻ ባለሙያ አስወጥሬ ሌላውን እቤት እጨርሰው ነበር።

የምታሠሩም ብትሆኑ ገበቴው ቆዳ ከመልበሱ በፊት ሄዳችሁ ውስጡን እዩ። በሙጫና በሰጋቱራ የተደፈነ ስንጥቅ ካለ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው።