የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ?

ከባለቤቴ ጋር ሐዋሳ ቤታችን ቁጭ ብለን የስዊድናዊውን ዳይሬክተር የኢንግማር በርግማንን «ትዕይንቶች ከትዳር» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ በሁለቱም ቅጂ አየነው። የስዊድኑ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ነው፤ 6 ክፍል። የአሜሪካው የ2021 ሲሆን 5 ክፍል አለው።

በድሮው ጥሎ የሚሄደው ባልየው ነው። በአዲሱ ሚስትየዋ ትሄዳለች። ይህ ቅያሬ ቀላል አይደለም። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ ስናደርግ ስለሱ ብቻ አወራን። «ሴት ስትሄድ ሰው ቶሎ ይፈርድባታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፈርጄባት ነበር።

ትወናው በሁለቱም ግሩም ነው። እኔ ግን የድሮውን እመርጣለሁ። ካሜራው ሚስትየዋን በምትጫወተው በሊቭ ኡልማን ፊት ላይ ሲቆይ፣ ያልተናገረችው ሁሉ ይሰማል። ዝም ብለን ያሳለፍናቸው ኩርፊያዎቻችን ትዝ አሉኝ። እሱ አዲሱ ይቀርበኛል ይላል፤ ዛሬ የምንኖረውን ኑሮ ይመስላል።

ለጥንዶች የምመክረው የድሮውን ነው። በቀን አንድ ክፍል ብቻ እዩ፤ ከዚያ ቲቪውን አጥፍታችሁ አውሩ።