ሌሊት በስልካቸው በሽታ ለሚፈልጉ፦ ይህችን ጤና መኮንን አግኟት

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ጤና መኮንንን ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ አልጠራም።

በጥምቀት ማግስት ከመንጋጋዬ ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት አገኘሁ። እናቴ ዳስሳ «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» አለችኝ። እኔ ግን ቤተሰቡ ሲተኛ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየመራኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካንሰር እንደያዘኝ አምኜ ነበር። ቀን ቀን ደግሞ ሃያ ሠላሳ ጊዜ እዳስሰዋለሁ፤ በዳሰስኩት ቁጥር ያመኛል፣ ባመመኝ ቁጥር እንደገና አነባለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን በቅጡ አላጫወትኩም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ምንም የለብህም» ተብዬ ወዲያው ተሸኘሁ። ምን ታይቶ እንደተባለ ስላላወቅሁ ያ ቃል አንድ ሌሊት እንኳ አላስተኛኝም።

ይህች እኅታችን ግን በመጀመሪያ የምናገረውን አስጨረሰችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ ሳል አለዎት? ሌሊት ያልብዎታል? ክብደት ቀንሰዋል? ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ነበር? ቲቢ አንገት ላይ በእብጠት መልክ ሊወጣ እንደሚችል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ሌሊት ሳነብ ዓይኔ ካንሰር ከሚለው ቃል ስላልተነቀለ አላስተዋልኩትም። አንገቴንና ብብቴን ዳሰሰች፣ አፌን አስከፈተችኝ። በእብጠቱ በኩል ያለው የታችኛው ጥርሴ ተቦርቡሮ መግል ይዟል። ንፍፊቱ ለስላሳና ሲነኩት የሚንሸራተት መሆኑን በራሴ ጣት አሳየችኝ።

ስልኬን ተቀብላ ያነበብኩትን አብራኝ አነበበች። «ይህ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ይደረድርልዎታል፤ የትኛው በብዛት እንደሚያጋጥም ግን አይነግርዎትም» አለችኝ። የእብጠቱን መጠን ካርዴ ላይ ጽፋ ለሁለት ሳምንት ቀጠረችኝ፤ እስከዚያ እንዳልነካው አደራ አለችኝ። ካደገ፣ ከጠነከረ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ከመጣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ፣ በቀጠሮው ካልቀነሰ ደግሞ ለተጨማሪ ምርመራ እንደምትልከኝ ነገረችኝ። ፍርሃቱ ራሱ ሕክምና እንዳለው፣ ካልለቀቀኝ ወደ አእምሮ ሐኪም እንደምትመራኝም ሳታሳፍረኝ አስረዳችኝ። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ጤና መኮንኖች በሀገራችን መሠልጠን የጀመሩት በዚችው ከተማ፣ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ያን ሙያ እንዲህ ይዛው ሳያት በከተማዬ ኮራሁ።

ጥርሴ ተነቀለ፤ በቀጠሮዬ ቀን ንፍፊቱ በጣት ተፈልጎ የሚገኝ ሆኖ ነበር። ስልኬም አሁን ማታ ሳሎን ያድራል።

እንደ እኔ የተጨነቃችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ካርድ ክፍሉ ድረስ ራሴ አደርሳችኋለሁ። ጠዋት ወረፋ ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል። እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም ዕድሜና ጤና ይስጥሽ ብላሻለች።